ጸሎቴ ሲበዛ ትዕቢቴም በዛ፤ ልተወው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ቢሮ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ካለፈው ዐቢይ ጾም ወዲህ ወደ ጸሎት ተመልሻለሁ። በየቀኑ ዳዊት እደግማለሁ፣ ውዳሴ ማርያም አደርሳለሁ፣ 41 ጊዜ እሰግዳለሁ፣ ረቡዕና ዓርብን እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰላም አግኝቼ ነበር፤ አሁን ግን ልቤን ሳየው እየባሰብኝ ነው። ባለቤቴ ሳይጸልይ ሲተኛ እንቀዋለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ዓርብ ጠዋት ማኪያቶ ስትጠጣ ሳይ «እኔ ግን» እላለሁ። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ «በጸጋው ድነሻል፤ ይህ ሁሉ ድካም ለምንሽ ነው?» አለችኝ። ሥጋ ወደሙን ከልጅነቴ ወዲህ አልተቀበልኩም፤ አይገባኝም ብዬ ነው። ጸሎቱ ትዕቢት ካመጣብኝ ልተወው? ትሕትናስ በየቀኑ እንዴት ይኖራል? ይምከሩኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ጸሎቱን አትተዪው። አረም በቀለበት ተብሎ ማሳ ጦም አያድርም፤ ይታረማል እንጂ። በልብሽ ያለውን ንቀት ንቀት ብለሽ መጥራት መቻልሽ ራሱ ከጸሎቱ ያገኘሽው ብርሃን ነው፤ ብታቆሚ የሚጠፋው ብርሃኑ እንጂ ንቀቱ አይደለም።

አባቶቻችን ውዳሴ ከንቱን፣ ማለትም በሠሩት መልካም ሥራ ከንቱ ክብር መሻትን፣ ከሌሎች ፈተናዎች ለይተው ያስተምሩናል። ሌሎቹ የሚበረቱብን መንፈሳዊ ሥራ ስንፈታ ነው። ይህኛው ግን የሚመጣው ስንሠራ ነው፤ ጾመሽ ስትጨርሺ፣ ዳዊቱን ስታጥፊ፣ ከስግደት ስትነሺ ያገኝሻል። ብታቆሚም አይለቅሽም፤ «እኔ እንኳ እንደ እነዚያ ግብዞች አይደለሁም» የሚል ሌላ ልብስ ለብሶ ይመለሳል። ፈሪሳዊውን እየተጸየፉ ፈሪሳዊውን መሆን ይቻላል።

እስቲ ያንን ፈሪሳዊ ደግመን እንየው (ሉቃ 18፥9-14)። «በሳምንት ሁለት ጊዜ እጦማለሁ» አለ፤ ጌታ ጾሙን አልነቀፈበትም። ቤተ ክርስቲያን እኛንም በሳምንት ሁለት ቀን ታስጾመናለች፤ ረቡዕን በጌታ ላይ ስለተመከረው ምክር፣ ዓርብን ስለ ስቅለቱ። «አሥራት አወጣለሁ» አለ፤ ይህም ሕግ ነው። ያጠፋው እግዚአብሔር ፊት ቆሞ ዓይኑን ወደ ጎን በማዞሩ ነው። ጸሎቱ ውስጥ ሌላ ሰው አስገባ፤ ያስገባውም ሊለምንለት ሳይሆን ሊለካበት ነው። ቀራጩ ግን በጸሎቱ ውስጥ ከራሱና ከእግዚአብሔር በቀር ማንም አልነበረም።

ስለዚህ በጸሎት መካከል ባለቤትሽ ወይም ባልደረባሽ በንጽጽር ሲመጡብሽ ጸሎቱን አታቋርጪ፤ ከሐሳቡም ጋር አትከራከሪ፤ ክርክሩ ራሱ ጊዜውን ይበላዋልና። በክርስትና ስሙ ጥሪውና «አቤቱ፣ እኔንና እርሱን ማረን» ብለሽ ወደ ነበርሽበት ቁጥር ተመለሺ። አሥር ጊዜ ቢመጣ አሥር ጊዜ እንዲህ አድርጊ። ለመናቅ የመጣው ስም የምትለምኚለት ስም ሲሆን ሐሳቡ ኃይሉን ያጣል። «ማረን» ስትዪ ግን ራስሽን አትርሺ፤ «እርሱን ማረው» ብቻ ካልሽ ያው ፈሪሳዊነት ነው።

ማኪያቶ ስለምትጠጣዋ ባልደረባሽም የማታውቂው ነገር ሊኖር ይችላል። ሕመምተኛ ሆና፣ ነፍሰ ጡር ሆና ወይም የምታጠባ ሆና ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራበት ይሆናል። ይህ ሁሉ ባይሆንና በስንፍና ብታደርገው እንኳ ፍርዱ ያንቺ አይደለም። በግብፅ ገዳመ አስቄጥስ የነበረው መነኩሴ ሙሴ ጸሊም በአንድ ወንድም ጥፋት ላይ እንዲፈርድ ሲጠራ የሚያፈስ ዕቃ ተሸክሞ እንደሄደ ይነገራል። ምንድን ነው ሲሉት ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ ነው፣ እኔ አላየውም፣ ዛሬ ግን የሌላውን ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ጉባኤው ያንን ወንድም ይቅር ብሎ ተበተነ።

ወደ ጎረቤትሽ ጥያቄ ልምጣ፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ማክበር ይገባል። በተወለድሽ በ80 ቀንሽ ክርስትና እናትሽ አቅፋ ወደ መጠመቂያው ስታቀርብሽ ዳዊት አልደገምሽም፣ አልጾምሽም፣ አንድ ጊዜም አልሰገድሽም። ካህኑ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም 3 ጊዜ አጠመቀሽ፣ 36 የሰውነት ክፍሎችሽን ሜሮን ቀባሽ፣ በዚያው ዕለት ሥጋውንና ደሙን ተቀበልሽ። ልጅነትን ያገኘሽው ምንም ሳትይዢ ነው። ስለዚህ ሐዋርያው «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም» (ኤፌ 2፥8) ሲል ያ የሰማንያ ቀን ሕፃን ምስክሩ ናት። ከዳዊት ብዛት የተነሣ ልብሽ ሲታበይ ወደዚያ ቀን ተመለሺ።

የቀረውን ግማሽ ግን ጎረቤትሽ አላነበበችውም። እዚያው ምዕራፍ ላይ ሁለት ቁጥር ዝቅ ሲባል እንመላለስበት ዘንድ አስቀድሞ ለተዘጋጀው መልካም ሥራ በክርስቶስ እንደ ተፈጠርን ይናገራል። ለፊልጵስዩስ ሰዎችም «በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ» ይላቸዋል (ፊል 2፥12)። ፈጽሙ አለ እንጂ ግዙ አላለም። ወዲያውም «መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነውና» ብሎ የምንመካበትን ነገር ሁሉ ከእጃችን ይወስዳል፤ ለመጸለይ መፈለግሽ እንኳ ከእርሱ ነው። መጽሐፍ ስለ መዳን ሲናገር «በተስፋ ድነናል» ይላል (ሮሜ 8፥24)፤ «እስከ መጨረሻ የሚጸና እርሱ ይድናል» ደግሞ ይላል (ማቴ 24፥13)። የተቀበልነው አለ፤ የምንጸናበት አለ። የየዕለቱ ጸሎት የመዳን ዋጋ አይደለም፤ በተሰጠን ልጅነት ጸንተን የምንኖርበት ነው። ጳውሎስ ይህን ትእዛዝ ከምን ቀጥሎ እንደ ጻፈውም ተመልከቺ፤ ጌታ የባሪያን መልክ ይዞ ራሱን ባዶ እንዳደረገ፣ እስከ መስቀል ሞትም ራሱን እንዳዋረደ ከተናገረ በኋላ ነው። ትሕትና ከድኅነት ኑሮ ጎን የሚጨመር ጌጥ አይደለም፤ ጌታ ያዳነን በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ሥርዓቱ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ 41ዱን ስግደት ማን ሰጠሽ? ጥያቄሽ ውስጥ የንስሐ አባት ስም የለም። ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው ራሱ መርጦ ራሱ ላይ የጫነውን ሥርዓት ሲፈጽም ድሉ የራሱ ይመስለዋል፤ ሲያጓድል ደግሞ ተስፋ ይቆርጣል። የንስሐ አባት 12 ስግደት ቢሰጡሽ ከመረጥሽው 41 ይበልጥብሻል፤ በ12ቱ ውስጥ መታዘዝ አለበትና። ሁለተኛው ክፍተት ፍጥነቱ ነው። ለዓመታት ተቋርጦ የቆየን ጸሎት በአንድ ጾም ይህን ያህል ማድረስ የሚጀመረው በጋለ ስሜት ነው፤ ስሜቱ ሲበርድ የሚቀረው ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ ከሰው ጋር ለመለካካት ይመቻል።

እንግዲህ ከንስሐ አባት ጋር እስክትገናኚ ድረስ እንዲህ ብታደርጊ ይበቃሻል።

ጠዋት ልጆቹ 12 ሰዓት ላይ የሚነሡ ከሆነ አንቺ 11፡40 ተነሺ። ፊትሽን ታጥበሽ፣ ነጠላሽን ለብሰሽ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረሽ ቁሚ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» እያልሽ ከግንባርሽ ወደ ደረትሽ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አማትቢ፤ ከላይ ወደ ታች የጌታ መውረድ ነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ከጨለማ ወደ ብርሃን መሻገራችን ነው። አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት አድርሺ። ቀጥሎ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፤ የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ። ከዳዊት 1 መዝሙር በተራ። በዳዊቱ የተለመደው የሳምንት ክፍል ሰኞ ከ1 እስከ 30 ያለውን የሚያስደግም እንደሆነ አውቃለሁ፤ እርሱ ለገዳማውያንና ጊዜ ላላቸው መልካም ነው፤ አንቺ ግን በ20 ደቂቃ 30 መዝሙር ብትደግሚ አንደበትሽ እንጂ ልብሽ አይከተልም። 118ኛው መዝሙር 176 ቁጥር ስላለው እርሱን ለብዙ ቀን ከፋፍዪው። ግእዙን የማትረጂው ከሆነ በአማርኛ ድገሚ፤ ግእዙን መልመድ ከፈለግሽ አንዱን ቁጥር በግእዝ፣ ያንኑ በአማርኛ እያደረግሽ ሂጂ። መጨረሻ ላይ 2 ደቂቃ በራስሽ ቃል ለምኚ፤ በስም የምትጠሪው የመጀመሪያው ሰው ባለቤትሽ ይሁን።

ቀን፣ ሥራ ቦታ፣ 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓትና 9 ሰዓት የጸሎት ሰዓታት ናቸው። በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ወረደ፤ በ6 ሰዓት ጌታ ተሰቀለ፤ በ9 ሰዓት ነፍሱን ሰጠ። ከወንበርሽ አትነሺ፤ እጅሽን ከሥራሽ ላይ አንሥተሽ፣ የዕለቱን ነገር አስበሽ፣ በልብሽ 3 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በዪ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፣ ማንም አያይም። የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ አባታችን በስውር የሚያይ ነውና። ግን መሰወርና ማፈር አይምታቱብሽ። ከምሳ በፊት ማማተብ የክርስቲያን ሁሉ ወግ ስለሆነ ሰው አየኝ ብለሽ አትተዪው። የምትሰውሪው የራስሽን ትጋት ነው እንጂ እምነትሽን አይደለም።

11 ሰዓት የሠርክ ጸሎት ነው፤ አንቺ ያን ጊዜ ታክሲ ውስጥ ትሆኛለሽ። ጌታ ከመስቀል ወርዶ የተቀበረበትን ሰዓት አስበሽ አቡነ ዘበሰማያትን በልብሽ ድገሚ። ማታ ከልጆቹ ጋር ከ5 ደቂቃ አይለፍ። ልጅ ሲሰለች የቀጠለ ጸሎት ልጁን ጸሎት ያስጠላዋል፤ ሳይጠግቡ አቁሚ። ባለቤትሽን አንድ ጊዜ ጥሪው፤ ካልመጣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ በልጆቹ አንደበት አትስበኪው። እኩለ ሌሊት ላይ ልጅ ቢያስነሣሽ እርሱም የመንፈቀ ሌሊት ጸሎትሽ ነው፤ ልጁን እያባበልሽ አንድ «ስብሐት ለአብ» በዪ።

ከመተኛትሽ በፊት 5 ደቂቃ ቁጭ ብለሽ ቀኑን መርምሪ። ማንን ናቅሁ? ማን ሲያርመኝ ተቆጣሁ? የሠራሁትን መልካም ነገር ለማን አወራሁ? የበለጠ አትቆፍሪ፤ ረጅም ምርመራ እንቅልፍ ያሳጣል፣ አንዳንዴም ስለ ራስ ብቻ ወደ ማሰብ ይለወጣል። መዝሙር 50ን («አቤቱ፣ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ») አድርሰሽ ስገጂ። በእሑድ፣ ከትንሣኤ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳና ሥጋ ወደሙ በተቀበልሽበት ቀን ስግደት የለም። በእነዚህ ቀናት «41ዴን አላጓድልም» የሚል ሰው ሥርዓቱን ትቶ ቁጥሩን ነው የሚያገለግለው።

ጸሎት ቤት ውስጥ እንዴት የጥል ዕቃ እንደሚሆን ደግሞ ልብ በዪ። ባል ደክሞ ይገባል፤ ራት አልቀረበም፤ ልጁ የቤት ሥራውን ይዞ ቆሟል፤ ከመኝታ ቤት «ጸሎት ላይ ነኝ፣ አትረብሹኝ» የሚል ድምፅ ይወጣል። ያ ድምፅ ለእግዚአብሔር የቆመ ሰው ድምፅ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰዓት ሲገጥምሽ ዳዊቱን አጥፊና ራቱን አቅርቢ፤ እያጉረመረምሽ ሳይሆን ፈገግ ብለሽ። የቀረው መዝሙር ነገ ይደገማል። ስለማያምኑ ባሎች ቅዱስ ጴጥሮስ የመከረው እንኳ ያለ ቃል በሚስቶቻቸው ኑሮ እንዲማረኩ ነው (1ጴጥ 3፥1)፤ ያንቺ ባለቤት ደግሞ የተጠመቀ ክርስቲያን ነው።

ትሕትና በአብዛኛው የሚገኘው እንዲህ ባሉ ጥቃቅን ቦታዎች ነው። ስትሳሳቺ «አጠፋሁ፣ ይቅርታ» ብለሽ እዚያው አቁሚ፤ «ግን አንተም» የሚለው ከተከተለ ይቅርታው ክስ ሆነ። አለቃሽ ወይም ካንቺ በታች ያለ ሠራተኛ ሥራሽን ሲያርም «እሺ፣ አየዋለሁ» በዪና ወረቀቱን መርምሪ፤ ትክክል ብትሆኚ እንኳ መልሱን ከምርመራው በኋላ ስጪ። ያኔ ድምፅሽ ሌላ ይሆናል። ቢሮ ውስጥ ቡና ከተጠጣ በኋላ ጠረጴዛ ላይ የሚቀሩት ሲኒዎች አሉ፤ ማንም ሳያዝሽ አንሥተሽ እጠቢ፣ ስለ እነርሱም ምንም አትናገሪ። ያቺ ዓርብ ቀን የምትንቂያት ባልደረባሽ የጠጣችበትም ከዚያ ውስጥ ይኑር።

ሐሰተኛ ትሕትናም አለ፤ በእኛ ዘንድ በአነጋገር የለመድነው ነው። «እኔ ምናምንቴዋ»፣ «እኔ ኃጢአተኛዋ ምን አውቄ» ማለት ቀላል ነው። ያንኑ ቃል ሌላ ሰው ሲለን ግን ሳምንት እንኮራረፋለን። ስለዚህ ራስሽን በሰው ፊት መስደብሽን ቀንሺ። ሰው ሲያመሰግንሽም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለሽ ወደ ሌላ ወሬ ተሻገሪ፤ ረጅም መግደርደር ምስጋናውን ያስረዝመዋል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ላንሣ። «አይገባኝም» ብለሽ ከሥጋ ወደሙ መራቅሽን ትሕትና አድርገሽ ቈጥረሽዋል፤ ይህ በብዙ ጎልማሶቻችን ዘንድ ያለ ነገር ነው። በልጅነት ይቈረባል፣ በእርጅና ይቈረባል፤ ፈተናው የሚበዛበት መካከለኛው ዕድሜ ያለ ቍርባን ያልፋል። ልቤን ከሚያሳዝኑት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ጌታ በጸሎተ ሐሙስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሊያጥብ ሲጎነበስ ጴጥሮስ «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» አለ። ትሕትና ይመስላል። ጌታ ግን «ካላጠብሁህ፣ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» አለው (ዮሐ 13፥8)። በየዓመቱ በዚያ ዕለት ካህናቱ የወይራና የወይን ቅጠል ይዘው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ እግራችንን የምንዘረጋው የጴጥሮስ ሁለተኛ መልስ፣ «እጄንና ራሴን ደግሞ እንጂ እግሬን ብቻ አይደለም» ያለው፣ የእኛም እንዲሆን ነው።

በቅዳሴያችን ውስጥ ከመቍረብ በፊት የሚጸለየውን ጸሎት አስተውዪ፦ አቤቱ ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ፣ ከረከሰች ቤቴ ጠፈር በታች ልትገባ አይገባህም የሚል ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ቃል በአንደበታችን ያኖረችው ወደ ቅዱሱ ምሥጢር ስንቀርብ ነው እንጂ ስንሸሽ እንድንለው አይደለም። ሐዋርያውም «ሰው ግን ራሱን ይፈትን» ካለ በኋላ «እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ» ይላል (1ቆሮ 11፥28)። ፈትኖ ይራቅ አላለም። በእርግጥ ሳይዘጋጁ መቅረብ ያስፈርዳል፤ በፍተሻና በመቅረብ መካከል ያለው መንገድ ደግሞ ንስሐ ነው። ሳይናዘዙ «አይገባኝም» እያሉ ዓመታት መቈየት ለኃጢአት የተመቸ ማረፊያ ይሆናል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የንስሐ አባት ያዢ። በአጥቢያሽ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ካህን ጠይቂ፣ ወይም ሰበካ ጉባኤው ቢሮ ሂጂ፤ ደብራቸውና አገልግሎታቸው የታወቀ ይሁኑ። ከያዝሽ በኋላ ቀኖናው ከበደኝ ብለሽ ቀላል የሚሰጥ ፍለጋ አትዙሪ። ለኑዛዜ ስትሄጂ ለመደበቅ በጣም ከምትፈልጊው ጀምሪ፤ እርሱ ለመጨረሻ ከቀረ ሰዓቱ አልቋል ተብሎ ይዘለላል። ያደረግሽውን፣ ስንት ጊዜ እንደሆነና ለምን ያህል ጊዜ እንደቈየ ተናገሪ። ታሪኩን አታርዝሚ፣ የባለቤትሽን ጥፋት አትናዘዢለት፣ «ተገድጄ ነው» አትበዪ። ይህንንም የጸሎት ትዕቢት እንዳለ ንገሪያቸው። የሚሰጡሽ ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደት ወይም ምጽዋት ሊሆን ይችላል። ከዐቅምሽ በላይ ከሆነ እዚያው «አባቴ፣ ይህ አይሆንልኝም» በዪ፤ ተቀብለሽ ሄደሽ በራስሽ መቀነስ ግን የለም። ስትጨርሺ ተመልሰሽ አሳውቂያቸው።

ስለ ጋብቻሽም ይጠይቁሻል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ካልተፈጸመ ባለቤትሽም አብሮ ወደ ንስሐ እንዲመጣ ያስፈልግ ይሆናል፤ በዚህ ነገር ባለቤትሽን አትነዝንዢው። ንገሪው፣ ጊዜ ስጪው፣ የንስሐ አባትሽም እንዲያነጋግሩት አድርጊ። በትዳር ስላለው የመታቀብ ቀናት እርሳቸው እንደሚነግሩሽ አድርጊ።

ፈቃድ ሲሰጥሽ ከመቍረብሽ በፊት 18 ሰዓት ከምግብና ከውኃ ትጾሚያለሽ፤ እሑድ 3 ሰዓት ላይ የሚቈረብ ከሆነ ቅዳሜ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ማለት ነው። ያጠፋሽበት ሰው ካለ ከዚያ በፊት ታረቂ (ማቴ 5፥23-24)። ባለቤትሽን ይቅርታ ስትጠይቂ ግን አስተውለሽ ይሁን። ፊት የነሣሽውን፣ የተናገርሽውን፣ ያዘገየሽውን ራት ጠቅሰሽ ይቅርታ ጠይቂው። እርሱ ያላወቀውን የልብሽን ንቀት ለእግዚአብሔርና ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ «ስንቅህ ነበር» ብሎ መንገር አንቺን ቢያቀልልሽ እርሱን ያቈስለዋል። ቅዳሴው ሳይጀመር ግቢ፣ ከተቀበልሽም በኋላ ጸበሉን ጠጥተሽ «እትዉ በሰላም» እስኪባል ቈዪ። በዚያ ቀን አትስገጂ፣ እንትፍ አትበዪ፣ ከክርክርም ተጠበቂ።

አንድ ቀን ጸሎቱ ቢያመልጥሽ በማግሥቱ እጥፍ አታድርጊ፤ ዕዳ እየከፈልሽ አይደለም። ካቆምሽበት መዝሙር ቀጥዪ። ሳምንት ሙሉ ቢያመልጥሽ 11፡40 መነሣቱ ከብዶሽ እንደሆነ እዪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ማታ በስልክ ላይ የሚመሽ ሰዓት ነው፤ ማስተካከል ያለበት ጠዋቱ ሳይሆን እርሱ ነው። በወር አበባሽ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ ባትገቢም፣ ባትቈርቢም፣ የቤት ጸሎትሽ አይቋረጥም፤ ብዙ እኅቶች ይህን ባለማወቅ በየወሩ ሳምንት እየተዉ መልሰው መጀመር ያቅታቸዋል። ለጎረቤትሽም ስለ ሥርዓትሽ ዝርዝር አትንገሪ፤ ኤፌሶን ምዕራፍ 2ን እስከ ቁጥር 10 አብራችሁ አንብቡት። ከዚህ በላይ ልትጨምሪ ስታስቢ በራስሽ አትጀምሪ፤ መጀመሪያ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ «ይህ ይበቃሻል» ቢሉሽም እርሱን ይዘሽ ቈዪ።